መሪውን የሚያስጨብጥ ወዳጅ



ሃምሳን የተሻገርን ሰዎች ከአብሮ አደጎቻችን ጋር የምንተያየው በአብዛኛው ለቅሶ ላይ ሆኗል። ድንኳን ሥር ጎን ለጎን እንቀመጣለን፤ ንፍሮ እንቆነጥራለን፤ "ምነው ጠፋህ?" "አንተስ ብትሆን?" እንባባላለን። ስልክ እንለዋወጥና "ከእንግዲህማ መገናኘት አለብን" ብለን እንለያያለን። ቀጥሎ የምንገናኘው ሌላ ሰው ሲሞት ነው።

ይህን "የከተማ ኑሮ ጠባይ ነው" ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኛ ግን እንዲህ እናምናለን፤ የቆየ ወዳጅነት ለክርስቲያን የትርፍ ጊዜ ጉዳይ አይደለም። እግዚአብሔር ሰውን ከሚያሳድግባቸው መንገዶች አንዱ ነው፤ ስለዚህም ቤተ ክርስቲያን ልትጠብቀው የሚገባ አደራ ነው። በተለይ አዲስ አበባን በከበቡት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለምንኖር ምእመናን ይህ አደራ ዛሬ ብዙ ነገር ይፈታተነዋል።

ያደግንበት ምድር

እኛ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተወለድን የሦስቱ ከተሞች ልጆች ነን። ሰበታ ያደግነው በጅማ መንገድ ዳር ነው፤ የሜታ ቢራ ፋብሪካ የብቅል ሽታ ነፋስ ባመጣው ቁጥር እያሸተትን፣ የወጨጫን ተራራ እያየን። በየመንገዱ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት ተማሪዎች አንዱ እጁን በሌላው ትከሻ ላይ ጭኖ ሲሄዱ እናይ ነበር። ዓይናማ የሆንን ልጆች ሰው ለሰው ምን እንደሆነ መጀመሪያ የተማርነው ከእነርሱ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ቡራዩ ያደገው ወዳጃችን በገፈርሳ ግድብ አቅራቢያ ከብት እየጠበቀ፣ በአምቦ መንገድ የሚያልፉትን የጭነት መኪናዎች እየቆጠረ ነው። ሱሉልታ ያደገው ደግሞ ከእንጦጦ ማዶ ባለው ብርዳም ሜዳ ላይ፣ ማለዳ ወተት ወደ አዲስ አበባ ሲጫን እያየ፣ በጥቅምትና በኅዳር ድርቆሽ ሲታጨድ እያገዘ ነው። ሦስቱም ያን ጊዜ ከተማ ይባሉ እንጂ ዳር ዳራቸው እርሻና ግጦሽ ነበር። አፋን ኦሮሞና አማርኛን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ቀላቅለን እንናገራለን፤ ቃሉ ከየትኛው ቋንቋ እንደመጣ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከሦስት አቅጣጫ የመጣነውን ያገናኘን ጌታ ነው። የተገናኘንበት ቦታም ጸሎት ቤት አልነበረም፤ ጸሎት ቤቶቹ ተዘግተው ነበርና። በደርግ የመጨረሻ ዓመታት፣ በአዲስ አበባ በአንዲት እናት ቤት፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ዝማሬ በሹክሹክታ በሚዘመርበት ኅብረት ውስጥ ነው የተዋወቅነው።

ያን ዘመን ያላያችሁ ወጣቶች ይህን ልታውቁ ይገባል። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ አሥር ዓመት ግድም በእስር አሳለፉ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፤ ንብረቷ ተወረሰ፤ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ያን ጊዜ አባላቷ 5 ሺህ ያህል ነበሩ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ አልጠፋችም፤ ምእመናኗ ብዙ እጥፍ ሆነው ተገኙ።

ሕንፃ ሳይኖር፣ ድምፅ ማጉያ ሳይኖር፣ ጉባኤ ሳይኖር ይህ እንዴት ሆነ? የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ነው፤ በዚህ አንከራከርም። መንፈስ ቅዱስ የተጠቀመበት ዕቃ ግን ምን ነበር ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ በየቤቱ የሚገናኙ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዎች ያሉባቸው ትንንሽ ኅብረቶች ናቸው። ቁጥሩ ከዚያ ካለፈ የቀበሌ ዓይን ያርፍበታል። ቀኑና ቤቱ ይለዋወጣል። የሚቀጥለውን ቤት የሚያውቀው የታመነ ሰው ብቻ ነው። ወዳጅህን ካላመንከው ቤቱ አትሄድም፤ እሱም ካላመነህ በሩን አይከፍትልህም። በዚያን ጊዜ ወዳጅነት ለቤተ ክርስቲያን ጌጥ አልነበረም፤ ጣሪያዋን የተሸከመ ምሰሶ ነበር።

ሜዳው ላይ

ከእኛ መካከል መኪና ያለው ቤተሰብ ልጅ አልነበረም። መንዳት የተማርነው ደርግ በወደቀ ማግሥት፣ በ1984 ዓ.ም. በጋ፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነው። ያስተማሩን በኅብረቱ ውስጥ በዕድሜ ሃያ ዓመት ያህል የሚበልጡን ወንድም ነበሩ፤ "ጋሼ" እንላቸው ነበር። ወተትና ድርቆሽ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሱባት ፔጆ 404 ፒክአፕ ነበረቻቸው። ማርሿ ከመሪው ሥር ነበር። በሯ በሽቦ ይታሰራል። የስድስት ልጆች እንጀራ የሚመጣው ግን በእሷ ነበር።

ሱሉልታ በክረምት ውኃ ያቁራል፤ መኪና ከገባ አይወጣም። በበጋ ግን መሬቱ ይደርቅና ሰፊ ገበታ ይሆናል። እሑድ ከኅብረት በኋላ ጋሼ አራታችንን ይጭኑና ሜዳው ላይ ያወርዱናል። ከዚያ ቁልፉን ለአንዳችን ይሰጡና እሳቸው ወዲያኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

መንዳት የተማረ ሁሉ የመጀመሪያውን ችግር ያውቀዋል። ፍሪሲዮን የሞተሩን ጉልበት ከጎማው ጋር የሚያገናኝና የሚለያይ ነው። ሞተሩ ይሽከረከራል፣ ጎማው ቆሟል፤ ሁለቱ ቀስ ብለው መገናኘት አለባቸው። እግርህን በአንዴ ካነሳህ መኪናው እንደ ፈረስ ይዘልና ይጠፋል። ብዙ ካዘገየህ ደግሞ ፍሪሲዮኑ እየተበላ ይሸታል። መኪናዋ በጠፋችብን ቁጥር ጋሼ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ "አይዞህ፣ እንደገና አስነሳት።" አንድም ቀን ቁልፉን አልቀሙንም።

ያን ጊዜ ያልታየንን ዛሬ እናየዋለን። የማሠልጠኛ መኪና በአሠልጣኙ በኩል ተጨማሪ ፍሬን ሊኖረው ይችላል፤ የጋሼ ፔጆ አልነበራትም። የነበራቸው የእጅ ፍሬንና አንደበታቸው ብቻ ነው። መኪናዋ ብትሰበር የሚሰበረው የልጆቻቸው እንጀራ ነው። ሆኖም ሰጡን። ከመካከላችን አንዱ ሲበዛ ፈጣን ነበር፤ ጋሼ "ኢዩ መጣ" ይሉት ነበር። በሁለተኛ ነገሥት 9፥20 ጠባቂው ገና ከሩቅ በአነዳዱ ያወቀውን ያንን ኢዩን ማለታቸው ነው። እሱንም ቢሆን አልከለከሉትም፤ ይልቁን ከሌሎቻችን ይልቅ ረጅም ጊዜ ከጎኑ ይቀመጡ ነበር።

ሁለተኛው ትምህርት ቁልቁለት ነበር። ከሱሉልታ ተነስቶ የእንጦጦን ትከሻ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ገበያ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጋሼ በወጣትነታቸው በጎጃም መንገድ በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነው ሠርተዋል፤ የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ብዙ ጊዜ ወርደውታል። ትምህርታቸው አጭር ነበር፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ከወጣኸው ቁልቁለቱንም በሁለተኛ ውረደው። ምክንያቱም በዝቅተኛ ማርሽ ስትወርድ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዘዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ማርሹን አውጥተህ በፍሬን ብቻ ከወረድክ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ በምትፈልገው ሰዓት ይከዳሃል። በአገራችን መንገዶች በየዓመቱ ከሚሞቱት በሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች መካከል በእንዲህ ዓይነት ቁልቁለት ላይ ያለቁ ጥቂት አይደሉም።

ሦስተኛው ትምህርት ቃል አልነበረውም። አንድ እሑድ ጋሼ መኪናዋን አስቁመው ወረዱ፣ በሩን ዘጉና "ሂዱ፣ ዞራችሁ ኑ" አሉ። እሳቸው ድርቆሽ ክምር ላይ ተቀመጡ። እኛ ዞርን፤ ተመለስን። ያን ቀን መንዳት ቻልን።

በሰረገላው ላይ

በአማርኛችን "መሪ" አንድ ቃል ነው። ሕዝብ የሚመራውንም ሰው መሪ እንላለን፤ ሹፌሩ በእጁ የሚይዘውንም መሪ እንላለን። ይህ አጋጣሚ ያስተምረናል። ሰው መሪ የሚሆነው መሪ ሲይዝ ነው፤ መሪ የሚይዘው ደግሞ ከጎኑ ተቀምጦ የሚያምነው ሰው ሲያገኝ ነው።

በሐዋርያት ሥራ 8፥26-40 የአገራችንን ሰው በመንገድ ላይ እናገኘዋለን። ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ በሚወስደው መንገድ፣ በሰረገላው ተቀምጦ ነቢዩ ኢሳይያስን ያነባል። ባለሥልጣን ነው፤ ማንበብ ይችላል፤ መጽሐፉም አለው። የጎደለው አንድ ነገር ነው፤ የሚያስረዳው ሰው። ፊልጶስ ምን እንዳደረገ ልብ እንበል። መንገድ ዳር ቆሞ አልሰበከም። ሮጦ ደረሰበት፤ ጠየቀው፤ ሲለመንም ወጥቶ አብሮት ተቀመጠ። ወንጌል ወደ ኢትዮጵያዊው የደረሰው ጎን ለጎን በመቀመጥ ነው። ሰረገላው መንገዱን አልቀየረም፤ ፊልጶስ ነው የጃንደረባውን መንገድ አብሮ የሄደው።

መጨረሻውንም እንመልከት። ከጥምቀቱ በኋላ ፊልጶስ ተወሰደ፤ ጃንደረባው ዳግመኛ አላየውም። ግን አልደነገጠም፤ ደስ እያለው መንገዱን ቀጠለ። አስተማሪው ወርዷል፤ ተማሪው ግን ይነዳል። ብዙ የደቀ መዝሙርነት ሥልጠናዎች የሚጎድላቸው ይህ ይመስለናል። ማስታወሻ ደብተር አለ፣ የምስክር ወረቀት አለ፣ በፕሮጀክተር የሚታይ ትምህርት አለ። ከጎን የሚቀመጥ ሽማግሌ ግን ጥቂት ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ በሩን ዘግቶ የሚወርድ ሽማግሌ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሠላሳ ዓመት የሞላው ወንድም አሁንም "ወጣቱ" እየተባለ ወንበር የሚደረድርባቸው አጥቢያዎች አሉ። ከዚያ "ወጣቶቻችን የት ሄዱ?" ብሎ መጠየቅ አያስኬድም።

የከበደን ቁልቁለት

ወዳጅነት የሚፈተነው በሜዳ አይደለም። ሜዳ ላይ ሁሉም ይነዳል።

የእኛ ዘመን ቁልቁለት ሁለት ነው። አንደኛው ርቀት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። በወረቀት የአንድ ከተማ ነዋሪዎች ሆነናል። በኑሮ ግን የሰበታው ሰው በአየር ጤና፣ የቡራዩው በአስኮ፣ የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ ወደ መሃል ይገባል፤ ማታም በየራሱ መንገድ ይመለሳል። ከንጋቱ 11 ሰዓት ወጥቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚገባ አባወራ፣ ጎረቤቱን እንኳ በእሑድ ልብስ ብቻ ነው የሚያውቀው። በቤት ኪራይና በቦታ ዋጋ ተገፍተው ወደ ዳር የወጡ ብዙ ወጣት ቤተሰቦች ደግሞ አብሮ አደግ ጓደኛቸውን፣ የሰንበት ትምህርት አስተማሪያቸውን፣ ያደጉበትን አጥቢያ ትተው ነው የመጡት። በአዲሱ ሰፈር "ተባረኩ" የሚላቸው ብዙ ነው፤ ስማቸውን የሚጠራ ግን ጥቂት።

ሁለተኛው ከርቀት ይከፋል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሰዎች ተገደሉ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቅለው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶችና አዳራሾች ተጠለሉ። ከዚያም ወዲህ አገራችን ያለፈችበት መከራ ብዙ ነው። እነዚህ ነገሮች በየቤታችን ገብተዋል፤ በየስልካችን ገብተዋል፤ በአንድ ጽዋ የሚካፈሉ ሰዎች መካከልም ገብተዋል።

እኛ አራታችንም ከዚህ አላመለጥንም። ከመካከላችን ሁለቱ፣ አንዱ የቡራዩ አንዱ የሰበታ፣ በዚያ ሰሞን በስልክ በተላለፈ አንድ ጽሑፍ ምክንያት ተቀያየሙ። አንዱ "ለሞቱት አላዘንክም" አለ፤ ሌላው "በወንጀለኛ ቆጠርከኝ" አለ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው፤ ሁለቱም ቆስለው ነበር። ከሃያ ሰባት ዓመት በላይ አብረው የጸለዩ ሰዎች ሁለት ዓመት ተኩል ሳይነጋገሩ ቆዩ።

ነገሩን ያበረደው ስብከት አይደለም፤ ሽማግሌ ተልኮም አልሆነም። ጋሼ ታመሙ። የሱሉልታው ወዳጃችን ሁለቱንም ለየብቻ ደውሎ "ልወስድህ እመጣለሁ" አላቸው፤ አንዱን ከአየር ጤና፣ ሌላውን ከአስኮ ጫነ። እስከ አዲሱ ገበያ ድረስ መኪናው ውስጥ ቃል አልተነገረም። ጋሼ አልጋ ላይ ሆነው ሦስቱንም አዩና የጠየቁት ስለ ጠቡ አልነበረም፤ ሰምተው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አናውቅም። "ማን ነው የነዳው?" አሉ። ተነገራቸው። ከዚያ የቡራዩውን ጠቁመው "ስትመለሱ አንተ ንዳ" አሉት። ወዲያው የሰበታውን አይተው "አንተ ከጎኑ ተቀመጥ፤ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እንዳያበዛ ንገረው" አሉት። ጸለዩላቸው፤ ወጡ።

ሲመለሱ የመጀመሪያው ቃል "ሁለተኛ አስገባ" የሚል ነበር። ሁለተኛው ምን እንደነበር እኛ አልጠየቅንም፣ እነሱም አልነገሩንም። አዲሱ ገበያ ሲደርሱ ግን ሻይ ቤት ገብተው ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ዛሬም በሁሉም ነገር አይስማሙም። ግን ይደዋወላሉ፤ ልጆቻቸውም ይጠያየቃሉ።

በመጽሐፍ ቅዱስ የዮናታንና የዳዊት ፍቅር የሚያስደንቀን ስለተዋደዱ ብቻ አይደለም፤ በሁለት ተፋላሚ ቤቶች መካከል ሆነው ስለተዋደዱ ነው። የዮናታን አባት ዳዊትን ለመግደል ሲያሳድድ፣ ዮናታን በዚፍ ምድረ በዳ ወዳለው ወዳጁ ሄዶ በእግዚአብሔር አበረታው (1ኛ ሳሙ. 23፥14-18)። አባቱን አልካደም፤ ወዳጁንም አልተወም። ዋጋ ከፈለበት። ዳዊትም ከብዙ ዓመት በኋላ የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ፈልጎ አስመጣና በማዕዱ አስቀመጠው (2ኛ ሳሙ. 9)። በወገን መስመር የተሻገረ ወዳጅነት ለልጅ ልጅ የሚበቃ በረከት ይተዋል። ጳውሎስና በርናባስም በማርቆስ ምክንያት እስከ መለያየት ተከራከሩ (ሐዋ. 15፥37-39)፤ ጳውሎስ ግን በዕድሜው ማብቂያ ያንኑ ማርቆስን ይዘህልኝ ና ብሎ ጻፈ (2ኛ ጢሞ. 4፥11)። መጣላት የወዳጅነት መጨረሻ ነው ያለን የለም።

"ዱሮ ይሻል ነበር" ማለታችን ነውን?

አንዳንድ ወጣት አንባቢ "አባቶች ሁልጊዜ የዱሮውን ያወድሳሉ" ሊል ይችላል። መክብብ 7፥10 ያለፈው ዘመን ለምን ተሻለ ብሎ መጠየቅን ከጥበብ አይቆጥረውም። እኛም አንቆጥረውም። ያ ዘመን ረኃብ ነበረበት፤ ጦርነት ነበረበት፤ በር ሲንኳኳ ልብ የሚቆምበት ዘመን ነበር። ሜዳው ላይም መሪ የጨበጥነው ወንዶች ብቻ ነበርን። ኅብረቱን በቤታቸው የተቀበሉት፣ በር ላይ ቆመው የጠበቁት፣ የታሰሩትን ስንቅ ያመላለሱት እናቶችና እኅቶች ሆነው ሳለ መሪ የሚያስጨብጣቸው አልነበረም። ዛሬ ሴት ልጆቻችን ይነዳሉ፤ ስለዚህ ጌታን እናመሰግናለን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክሏልና የልጅ ልጆቻችን ፍሪሲዮን የሚባለውን ነገር ሳያውቁ መንዳት ይማሩ ይሆናል። ይማሩ። የምንከራከረው ለፔጆዋ አይደለም፤ ከጎን ለሚቀመጠው ሰው ነው።

ሌላ ከባድ ተቃውሞም አለ። "ወዳጅነት በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቡድን ይፈጥራል፤ ሽማግሌ ሲመረጥ ጓደኛ ጓደኛውን ያስመርጣል" የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ በዚህ የቆሰሉ አጥቢያዎች አሉ። ነገር ግን ያ ወዳጅነት አይደለም፤ መሻረክ ነው። ልዩነቱን መለየት ይቻላል። ሽርክና ጥፋትህን ይሸፍንልሃል፤ ወዳጅ ግን ለሕይወትህ ብሎ ያቆስልሃል (ምሳሌ 27፥6)። ሽርክና በሩን ይዘጋል፤ ወዳጅነት ወንበር ይጨምራል። ጋሼ ከእኛ በኋላ ሌሎች ልጆችን አስተምረዋል፤ ቁጥራቸውን እንኳ አናውቀውም።

ምን እናድርግ?

እንግዲህ ለሦስቱ ከተሞች አጥቢያዎች፣ ለእያንዳንዱም አንባቢ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የቤት ኅብረቶቻችንን ወደ ጥንት መጠናቸው እንመልሳቸው። ሃያ አምስት ሰው የተሰበሰበበት ኅብረት ትንሽ ጉባኤ ነው፤ እዚያ ማንም "ሥራ ካጣሁ ሦስት ወሬ ነው" ብሎ አይናገርም። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ሰው ይበቃል። የቀረ ሰው ካለ መቅረቱ ይታወቃል፤ የታመመ ካለ በዚያው ማታ ይጠየቃል። በስደት ዘመን የጠቀመን ይህ መጠን በሰላም ዘመንም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ ከአርባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ እያንዳንዱ አገልጋይ ሁለት ወጣቶችን ከጎኑ ያስቀምጥ። አብረውት ሕመምተኛ ይጠይቁ፤ አብረውት ለቅሶ ይድረሱ፤ ሲያስታርቅ ይዩት። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ መሪውን ይስጣቸው፤ እሱ ወዲያኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ። መኪናው ቢጠፋባቸው "አይዞህ፣ እንደገና አስነሳት" ይበል። ቀን ሲደርስም ይውረድ።

ሦስተኛ፣ የቆየ ወዳጅህን ለቅሶ ሳይመጣ ፈልገው፤ ወዳጅሽንም እንዲሁ። ምሳሌ 27፥10 የራስን ወዳጅና የአባትን ወዳጅ እንዳንተው ይመክረናል። ስለዚህ የአባትህን ጓደኛ ጨምረህ ጠይቅ፤ ብዙዎቹ በየቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። በተለይ በቋንቋ ወይም በፖለቲካ ምክንያት ዝም የተባባላችሁ ካላችሁ፣ ክርክሩን እንደገና በመጀመር አትጀምሩ። የምታደርጉትን አንድ ነገር ፈልጉ፤ የታመመ አብራችሁ ጠይቁ፤ አንድ መንገድ አብራችሁ ሂዱ። ሁለት ሰዎች ወደ ፊት እያዩ ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ ፊት ለፊት ሆነው ያልቻሉትን ይነጋገራሉ።

ገና ጌታን ለማወቅ የምትፈልግ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጋር በአጋጣሚ የተገናኘህ ወንድም፣ የተገናኘሽ እኅት ካላችሁ ደግሞ ይህን እንንገራችሁ። ስለ ወዳጅነት ይህን ያህል የምንናገረው ሰው ለሰው በቂ ስለሆነ አይደለም። ወዳጅ ይደክማል፤ ወዳጅ ይሄዳል፤ ጋሼም ዐርፈዋል። እኛ ግን ወዳጅ ምን እንደሆነ ያወቅነው ከአንዱ ነው። ጌታ ኢየሱስ ደቀ መዛሙርቱን ባሮች ብሎ ከመጥራት ይልቅ ወዳጆች አላቸው፤ ከአባቱ የሰማውን ሁሉ ነገራቸው (ዮሐ. 15፥15)፤ ነፍሱንም ስለ እነርሱ አሳልፎ ሰጠ። ከሩቅ ሆኖ ትእዛዝ የሚሰጥ ጌታ አይደለም። መንገዳችሁ ላይ ይመጣል፤ ብትጋብዙት አብሯችሁ ይቀመጣል፤ በቁልቁለቱም አይወርድም።

ዛሬ ማታ ስልካችሁን አንሱና አንድ ቁጥር ፈልጉ። ከደወላችሁ ሁለት ዓመት ያለፈው ቁጥር ይሁን። "ማን ሞተ?" ብሎ ደንግጦ ቢያነሳ፣ "ማንም አልሞተም፤ ናፍቀኸኝ ነው" በሉት።

ጌታ ወዳጆቻችሁን ይባርክ፤ የራቁትንም ይመልስላችሁ። ተባረኩ።